የሚሆነኝን መጽሐፍ ማን ያውቃል?

«ኦሮማይን የመሰለ አለህ?»

ሐዋሳ ውስጥ መጽሐፍ ሸጦ የሚያድር ሰው ይህን ጥያቄ ለምዶታል። አስፋልት ዳር ላስቲክ አንጥፎ የሚሸጠውም፣ ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ ካፌ ለካፌ የሚዞረውም ጥያቄውን ሲሰማ ብዙ አይጨነቅም። ከክምሩ መካከል አንዱን መዝዞ «ይቺን ሞክራት፣ ትወዳታለህ» ይላል። እንደምወዳት በምን አወቀ? አይጠየቅም። ገዢው ቤቱ ገብቶ፣ ሠላሳ ገጽ ያህል ገፍቶ፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ደፍቶ ኮርኒሱን ማየት ሲጀምር ነው ነገሩ የሚገባው።

ጥፋቱ ግን የሻጩ ብቻ አይደለም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ካወጣ ወዲህ መጽሐፉን የወደደው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም፤ የተወደደበት ምክንያት ግን እንደየሰዉ ነው። አንዷ የምትፈልገው ፊያሜታን ነው፤ ጦርነት መካከል የበቀለ፣ ገና ሲጀምር መጨረሻው የሚያስፈራ ፍቅር። ወንድሟ ፍቅሩን እየዘለለ የአሥመራውን ስለላ ያሳድዳል፤ ማን ለማን እንደሚሠራ እስኪያውቅ እንቅልፍ የለውም። ሦስተኛው ጸጋዬ ኃይለማርያምን ነው የሚፈልገው፤ የመንግሥትን ሥራ እየሠራ ዓይኑ ግን አልታዘዝ ያለውን ጋዜጠኛ። አራተኛው ደግሞ፣ እውነቱ ይነገር፣ የወደደው የመጽሐፉን ዕጣ ነው፤ ከገበያ መሰብሰቡን፣ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን። አራቱም አንድ ሻጭ ፊት ቆመው አንድ ቃል ይናገራሉ። ሻጩም ለአራቱም ያችኑ መጽሐፍ ይሰጣል፤ ያለችው እሷ ናትና።

ልብ ወለድ ጠቁሙኝ ማለት ከሌላው ጥቆማ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ሐኪም፣ ጥሩ ልብስ ሰፊ፣ ጥሩ ክትፎ ቤት ጠቁሙኝ ብል ስለ እኔ ብዙ ማወቅ አያሻችሁም። ልብ ወለድ ጠቁሙኝ ስል ግን መጽሐፉንም እኔንም እንድታውቁ ነው የምለምነው። መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። እኔን እንድታውቁኝ ግን መጀመሪያ ራሴን ማወቅ፣ ያወቅሁትንም ደፍሬ መናገር ነበረብኝ። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ ሳንሠራ ነው እጃችንን የምንዘረጋው። የወደድነውን መጽሐፍ ስም እንጠራና መውደዳችንን የተናገርን ይመስለናል።

«የፍቅር»፣ «ታሪካዊ»፣ «ልብ አንጠልጣይ» የሚሉት ስሞችም ከዚህ አያድኑም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር መጽሐፍ ነው? ርእሱ እንዲያ ይላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡልን በዛብህና ሰብለ ወንጌል ስንቱን እንዳስለቀሱ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን መጽሐፉን ደጋግሜ የማነሳው ለጉዱ ካሣ ስል ነው። እዚያው ጌቶች ደጅ ተቀምጦ የጌትነትን ነገር የሚያፈራርሰው፣ እውነት በመናገሩ እብድ የተባለው፣ እብድ በመባሉም እንዲናገር የተተወው ሰውዬ ነው ልቤን የሚይዘው። ታዲያ «የፍቅር ልብ ወለድ እወዳለሁ» ብዬ ብጠይቅ ጉዱ ካሣን የመሰለ ሰው ያለበትን መጽሐፍ ማን ይሰጠኛል? ስለ ጥሎሽና ስለ ሠርግ የሚያወሩ መጻሕፍት ተሸክሜ እመለሳለሁ።

ይህን ችግር ሳያስቡት የፈቱ ሰዎች ነበሩን፤ መጽሐፍ አከራዮች። ዛሬ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ግራ የሚገባው ወጣት ብዙ ነው። በየከተማው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብ ወለድ ደርድረው በቀን ሒሳብ ያከራዩ ነበር። መታወቂያህን ወይም የመጽሐፉን ዋጋ መያዣ ታስቀምጣለህ፣ መጽሐፉን ትወስዳለህ፣ ካዘገየህ ትጨምራለህ። መጽሐፉ ሽፋኑ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ጀርባው በመርፌ የተሰፋ፣ ጠርዙ ከብዙ ጣት የተነሳ ጠቁሮ የወዛ ነው። አከራይ ከሻጭ የሚለየው ደንበኛው ተመልሶ ስለሚመጣ ነው። መጽሐፉን በማግሥቱ ጠዋት የመለሰ ሰው አንድም ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አድሮ ጨርሶታል፣ አንድም አልጣመውም። አከራዩ ፊቱን አይቶ ይለየዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ተዋት፣ ይቺ ላንተ አትሆንም» ለማለት ይደፍራል። ገንዘብ የሚያስቀርበትን ቃል ከአፉ የሚያወጣ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚታመን አስቡት።

ከአከራዩ ይልቅ የሚገርመኝ ግን የኅዳጉ ጽሑፍ ነው። የኪራይ መጽሐፍ የብዙ ሰው መጽሐፍ ስለሆነ አንባቢዎች እርስ በርስ ይጻጻፉበት ነበር። አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከዚህ በኋላ ይደብራል» ይላል። የፍቅረኞቹ መለያየት ላይ ሌላ እጅ «አይዞሽ አይሞትም» ብሎ ያጽናናል፤ ከሥሩ ሦስተኛው «ውሸቱን ነው፣ ይሞታል» ብሎ ያፈርሰዋል። መኝታ ቤት የሚገባበት ገጽ አንዳንዴ ተገንጥሎ አይገኝም። ሥርዓት የጎደለው ነገር ነው፤ አከራዮቹም አጥብቀው ይቆጡ ነበር። ሆኖም ስለ አንድ መጽሐፍ ከዚያ የተሻለ ጥቆማ አንብቤ አላውቅም። ሒስ የሚጽፍ ሰው ስለ መጽሐፉ በጠቅላላ ይነግረኛል። ኅዳግ ላይ የሚጽፈው ግን የት ቦታ ላይ እንደተነካ፣ የት እንደሰለቸ፣ የት እንደተናደደ በገጹ ያሳየኛል። የሰው ጣዕም ያለው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ሐተታ ከሰርቫንቴስ «ዶን ኪኾቴ» አንድ ጨዋታ ይዋሳል። ሳንቾ ስለ ሁለት ዘመዶቹ ያወራል። ከአንድ በርሜል ወይን ቅመሱ ተባሉ። አንደኛው ቀመሰና «ጥሩ ነው፤ ብቻ ትንሽ ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «ጥሩ ነው፤ ብቻ ትንሽ ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰዉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ተራግፎ ሲያልቅ ከሥሩ የቆዳ ማሰሪያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም ይህን ያመጣው ስል ምላስ ያለው ሰው በነገሩ ውስጥ በእርግጥ ያለውን እንደሚያገኝ ለማሳየት ነው። እኔን የሚስበኝ ሌላው ጎኑ ነው። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም፤ ሁለቱም ግን ልክ ነበሩ። «ጥሩ ነው» ማለታቸው ለማንም አልጠቀመም፤ ያንንማ ማንም ይላል። የጠቀመው «ቆዳ» እና «ብረት» ማለታቸው ነው። ቆዳ የሚጠላ ሰው የመጀመሪያውን ሰምቶ ይተወዋል፤ ብረት የማይሰማው ሁለተኛውን ሰምቶ ይጠጣዋል። «አሪፍ መጽሐፍ ነው፣ አንብበው» የሚለኝ ወዳጄ ስለ መጽሐፉ ምንም አልነገረኝም። «ደራሲው ሰው ሲበላ በጣም ያሳምርበታል፣ ሰው ሲሞት ግን ይቸኩላል» ቢለኝ ኖሮ እሁዴን አስተካክላት ነበር።

አማኑኤል ካንት ከሂዩም በኋላ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1790፣ ነገሩን ወዲያና ወዲህ አደረገው። አንድ ነገር ውብ ነው ስል ማንም በማስረጃ ሊያሳምነኝ አይችልም፤ እኔ ግን ሁሉም ሰው እንዲስማማልኝ እሻለሁ ይላል። እውነቱን ነው። የወደድኩትን መጽሐፍ ያልወደደ ጓደኛ ያስከፋኛል፤ ባላስከፋኝ ይሻል ነበር፣ ግን ያስከፋኛል። መጽሐፍ መጠቆም አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጠቋሚው «ይህ ውብ ነው» የሚለውን ፍርዱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ «ይህ ላንተ ይሆናል» ማለት አለበት። የሁሉንም ስምምነት የሚሻ ልብ ለአንድ ሰው ብቻ መፍረድ ያቅተዋል። ስለዚህም አብዛኛው ጥቆማ ስጦታ የሚመስል ስብከት ነው።

ከሚጠቁሙኝ ሰዎች ሁሉ የምተማመንባቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ቡና እንጠጣለን። ጣዕማችን ፈጽሞ አይገጥምም። እሳቸው ነገር የሚሆንበት መጽሐፍ ይወዳሉ፤ ሰው የሚሰደድበት፣ የሚካድበት፣ የሚበቀልበት። እኔ ምንም የማይሆንበትን እወዳለሁ፤ አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ ማታ እስኪተኛ በልቡ የሚመላለሰውን። «የኔ ልጅ፣ ይሄንን እንዳታነበው» ይሉኛል መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ እየገፉልኝ። «መቶ ገጽ ሙሉ አንድ ሰውዬ መስኮት አጠገብ ቆሞ ያስባል። አሁን ይሄ ምን ይባላል?» ጋሼ ይህን ሲሉ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ በስድስት ሰዓት ይራቅ እንጂ ልዩነቱን ስለምናውቅ ቀጠሮ አያስመልጠንም፤ እሳቸውም ለእኔ እንዲያ ናቸው። ጣዕሙ ከጣዕሜ የሚገጥም ሰው መልካም ነው፤ ጣዕሙን አጥርቼ የማውቀው ሰው ግን ይበልጥብኛል፣ ቢቃረነኝ እንኳ። የሚገጥመኝ ሰው የሚጠቁመኝ ብዙ ጊዜ ያነበብኩትን ነው።

አንድ ክፉ ልማድ ደግሞ አለን። ስንጠየቅ የምንጠራው ዝርዝርና ትራሳችን ሥር ያለው መጽሐፍ አንድ አይደሉም። አንዱ «ምን ትወዳለህ?» ሲባል የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ይጠራል፣ ዶስቶዬቭስኪን ይጨምራል፣ ትንሽ ዝም ብሎ «ስብሐትንም» ይላል። ትራሱ ሥር ያለው «ዴርቶጋዳ» ነው። ምን ነውር አለው? ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው ያ መጽሐፍ ስንቴ እንደታተመ አገር ያውቃል፤ መጽሐፍ ይዞ የማያውቅ ስንቱን ሰው አስይዟል። «አደፍርስ» ደግሞ ከወጣበት ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስቸግር መጽሐፍ ነው፤ ወድጄዋለሁ፣ ግን ለሁሉም ሰው ይሆናል ብዬ አልምልም። ለክብር ሲል የማይወደውን ወደድኩ ያለ ሰው ለዚያ ላልሆነው ሰው የሚስማማ መጽሐፍ ይጠቆምለታል። ሳያነበው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ጥቆማ የሚከሽፈው ባብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ጠቋሚው ስለማያውቅ ሳይሆን ጠያቂው ስለዋሸ።

በአንባቢዎች መካከል ከምሰማቸው ጥያቄዎች ደስ የሚለኝ «አዳም ረታን ከየት ልጀምር?» የሚለው ነው። ይህ ጠያቂ «እኔን የሚመስል ስጡኝ» አላለም። ሊሄድበት የሚፈልገው አገር አለ፤ የሚጠይቀው መንገዱን ነው። መልሱም ስለ እሱ ትዕግሥት መጠየቅን ይጠይቃል። ቶሎ የሚታክተው ከሆነ ከአጫጭሮቹ፣ ከ«ማኅሌት» ቢነሳ ይሻለዋል። ረጅም ወንበር ላይ መቀመጥ የሚችል ከሆነ «ግራጫ ቃጭሎች»ን ይያዝና ከመዝገቡ ዱባለ ጋር ይደግ። አጻጻፉን «ሕጽናዊነት» ብሎ የሰየመ፣ ምሳሌውንም ከእንጀራ የወሰደ ደራሲ በአንድ በር ብቻ አይገባም። ይህን ሁሉ በአንድ የመንገድ ዳር ሻጭ ላይ መጣል ግፍ ነው።

መጽሐፍም መጽሐፍን ይጠቁማል፤ አንዳንዴ ከሰው የተሻለ። የበዓሉን «ደራሲው» አንብቦ ሲራክ የተባለው ባለታሪክ የተቀዳው ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር ነው መባልን የሰማ ሰው በማግሥቱ የስብሐትን ሥራ ማፈላለጉ አይቀርም። የስብሐት «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም የቆየ ነው። ጥቆማው ከመጽሐፉ ቀድሞ አገር የዞረበት ጊዜ ነበር ማለት ነው፤ ሰው ያላነበበውን፣ ሊያገኘውም የማይችለውን መጽሐፍ ለሌላ ሰው ያወድስ ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ አንድ ነገር እንደ እውነት ይዞ ነው፤ ጣዕሜ ያለቀለት ነገር እንደሆነ፣ የቀረው የሚገጥመውን ማግኘት ብቻ እንደሆነ። እዚህ ላይ ተርጓሚው ነቢይ መኮንን ያስቆመኛል። በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣ ረጅም ልብ ወለድ፣ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ያነበብነውን፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። 3,000 ያህል ቁራጭ ወረቀት ነው የሚባለው። ወረቀቶቹ ከሚፈቱ እስረኞች ጋር በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየተደበቁ ወጡ። እዚያ ግቢ ውስጥ «ለእኔ ጣዕም የሚሆን አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ያለው መጽሐፍ አንድ ነው። ስለ አሜሪካ ደቡብ፣ ስለ ጥጥ እርሻና ስለ ባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ነው፤ ለፖለቲካ ሲል ለታሰረ ወጣት ከዚህ የራቀ ወሬ ምን አለ? ቢመርጡ ኖሮ ይህን አይመርጡም ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሆኖም ይህ የሩቅ አገር ታሪክ የሕይወት አደጋ የሚያስከትል ልፋት ተለፋበት። መጽሐፉ እነሱን አልመሰለም፤ እነሱ ወደ መጽሐፉ ሄዱ።

የሬድዮኑ ነገርም እንዲሁ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርክ በየቤቱ ያለው ሰው ጆሮውን የሰጠው ተጠይቆ አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ድምፁ ይመጣል፤ አባትም፣ ልጅም፣ ሠራተኛዋም፣ ሬድዮ የሌለው ጎረቤትም አብረው ያዳምጣሉ። የሚወዱትን ነበር ያገኙት ወይስ ያገኙትን ነበር የወደዱት? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ዛሬ ስልካችን ያየነውን የመሰለ እየመረጠ ሲግተን ውሎ ያድራል፤ ትናንት የወደድነውን ዛሬም፣ ነገም። እንዲህ ባለ ጥቆማ ያደገ ሰው ነቢይ የተረጎመውን መጽሐፍ በመጀመሪያው ገጽ ይዘለው ነበር።

ታዲያ ከሁለቱ የቱን ልያዝ? የሚሆነኝን ልጠይቅ ወይስ የመጣውን ልቀበል? ሐዋሳ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ቦታ ናት። በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት፤ ሰዉ ከየአቅጣጫው መጥቶ ነው የሞላት። ከሲዳማ ተራሮች፣ ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አንድ ሰፈር ይኖራል። የዩኒቨርሲቲው ዶርም ደግሞ ይህን በአንድ ክፍል ውስጥ ይጠቀልለዋል። ከየክልሉ ተመድበው የመጡ ልጆች በተደራረበ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ አንድ ልብ ወለድ ከታችኛው አልጋ ወደ ላይኛው ይወጣል። የፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ለአዲስ አበባው ልጅ ስለ ሐመር የሚያወራ የሩቅ አገር መጽሐፍ ነው። ከጂንካ ለመጣው የክፍል ጓደኛው ግን የሰፈሩ ወሬ ነው፤ «ይሄኛው ልክ ነው፣ ያኛው ግን እንዲያ አይደለም» እያለ ነው የሚያነበው። አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት አንባቢ፤ አንዱ ለመሄድ ያነባል፣ ሌላው ለመፈተሽ። እነዚህ ሁለት ልጆች መጽሐፉን ጨርሰው ሲከራከሩ የሚማማሩትን የትኛውም ዝርዝር አያስተምርም። እኔ ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይኸው ነው፤ ጣዕሜን ንገሩኝ ብዬ ሳይሆን ጣዕሜን ይዤ ልምጣ፣ እናንተም የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በመካከሉ አንዳችን ሳይወድ የሚያነበው መጽሐፍ ይኑር። ከሚጠቁሙኝ መጻሕፍት መካከል አንዱን ሆን ብዬ «አይሆነኝም» ከምለው ወገን እወስዳለሁ። ሁሌ አይሳካም። የአንዳንዱን ደራሲ መቶኛ ገጽ አይቼው አላውቅም።

መናገር የማልወደው ነገር ቢኖር የዋጋ ነገር ነው፤ ግን ካልተነሳ ጨዋታው የሀብታም ጨዋታ ይሆናል። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ንሮ አዲስ ልብ ወለድ ዛሬ የብዙ መቶ ብር ዕቃ ነው። ደመወዝተኛ ሰው «ይቺን ሞክራት» ሲባል የሚሞክረው በምሳው ገንዘብ ነው። አሮጌዎቹ ደግሞ ቢፈለጉም አይገኙም፤ አንዴ ታትመው ያለቁ፣ በፎቶ ኮፒ ብቻ ያሉ መጻሕፍት ስንት ናቸው! ስለዚህ በእኛ አገር ያላዋሰ ሰው ገና አልጠቆመም። «አንብበው» ብሎ ስሙን ብቻ የሚጥልልኝ ወዳጅ የቤት ሥራ ሰጥቶኝ መሄዱ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት የራሴን ጥያቄ በወጉ ለመጠየቅ ነው። መጽሔቱን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ያላችሁ፣ እርዱኝ።

እኔ እስካነበብኩት ድረስ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሐዋሳ የሚመጡባት እንጂ የሚኖሩባት ከተማ አይደለችም። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ዓሣ ይበላሉ፣ ሐይቁን አይተው አንድ ነገር ይናዘዛሉ፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። እኔ የምፈልገው የሚቀረውን ሰው ነው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ንጋት ላይ መረቡን የሚያራግፈውን፣ ቆሮሶ ዓሣውን በቢላ ከአጥንቱ ለይቶ ሲያበቃ ትርፉን አንገቱን ሰብሮ ለሚጠብቀው ወፍ፣ ለአባ ኮዳ የሚወረውረውን ልጅ። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ የምትሰፋውን፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ለእናቷ ብር የምትልከውን ልጅ። ቤት ውስጥ በሲዳምኛ የሚያስብ፣ ውጪ በአማርኛ የሚከራከር፣ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሁለቱንም የሚያቀላቅል የቢሮ ሠራተኛ። ትልቅ ነገር እንዲሆንባቸው አልጠይቅም። ሥራቸው በደንብ ይታይ፤ ሲሠሩ በልባቸው የሚያመላልሱት ይሰማ። ቀልድ ያውቁ። ደራሲው ባለታሪኩን ለማስተማሪያ ብሎ አይግደልብኝ። የሐይቁ ጸሐይ መጥለቅ ከአንድ ገጽ በላይ አይፍጅ።

በአማርኛ ቢሆን፣ በሲዳምኛ ቢሆን፣ ተተርጉሞ ቢሆን አይከፋኝም፤ የሲዳምኛውን አብሮኝ የሚያነብልኝ ሰው አላጣም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የምታውቁ ለመጽሔቱ ጻፉልኝ። ስትጽፉ «ጥሩ ነው» አትበሉኝ፤ የቱ ገጽ ላይ እንዳቆማችሁና ለምን እንዳቆማችሁ ንገሩኝ። የጠላችሁትም ካለ ከነምክንያቱ ጻፉ፣ ምናልባት እሱ ይሆናል የሚሆነኝ። መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ አውሱኝ፤ በጊዜው እመልሳለሁ፣ ኅዳጉ ላይም ከእርሳስ በቀር አልጽፍበትም።